ሐጀራ የመረጠችው ካሜራ

ሐጀራ በሲኒማ ራስ አካባቢ፣ አንድ ሕንጻ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ በወንድሟ ሱቅ ያገለገሉ ካሜራዎች መሸጥ ከጀመረች አምስት ዓመት ሆኗታል። ወንድሟ ፉርቃን ዕቃውን ከዱባይ በካርቶን ያስመጣል። ካርቶኑን የምትከፍተው፣ አቧራውን የምትጠርገውና እያንዳንዱን የምትፈትሸው እሷ ናት። ሰው ሁሉ «የፉርቃን ሱቅ» ይበለው እንጂ ካሜራ የሚያውቅ ደንበኛ በር ላይ ቆሞ የሚጠይቀው «ሐጀራ አለች?» ብሎ ነበር።

ኢልያስ መጀመሪያ የመጣ ቀን ሱቁ ሞልቶ ስለነበር ደንበኞቹ እስኪወጡ በር ላይ ቆሞ ጠበቀ። ረጅም፣ ቀጭን ወጣት ነው። የሸሚዙን እጅጌ የብየዳ ፍንጣሪ እዚህም እዚያም በስቶታል። እጁን አብዝቶ ከማሸቱ የተነሳ ጣቶቹ ቀልተዋል፤ ጥፍሩ ሥር ያለው ጥቁረት ግን አልለቀቀም። ካሜራ ይዳስስ ይሆናል ብሎ ታጥቦ እንደመጣ ሐጀራ ወዲያው ገባት።

«ምን ልታዘዝ?» አለችው።

«ካሜራ ፈልጌ ነበር። ግን ቀጭ ብሎ ወዲያው የሚዘጋ አይደለም። ዓይኑን ከፍቶ የሚቆይ።»

ሐጀራ ፈገግ አለች። ያሾፈችበት እንዳይመስለው ቶሎ ብላ በርጩማ ሳበችለት።

«ለምን ያህል ጊዜ ከፍቶ እንዲቆይልህ ነው?»

«አባቴ ብረት ሲመታ የሚወጣው እሳት መንገዱን እስኪጨርስ።»

ከዚያ ነገሩን አስረዳት። አባቱ ጋሽ ሐምዱ ከወሎ የመጡት በልጅነታቸው ነው። አርባ ዓመት ሙሉ ምን አለሽ ተራ አንድ ቦታ ተቀምጠው፣ ከውዳቂ ብረት የከሰል ምድጃ ሲሠሩ ኖረዋል። ኢልያስ ከጎናቸው በያጅ ነው። የጋለው ብረት ላይ መዶሻው ሲያርፍ የሚበተነውን እሳት በስልኩ ሊያነሳ ስንቴ ሞክሯል። የሚወጣለት ግን ነጠብጣብ ብቻ ነው።

«ያለኝ ብር ትንሽ ነው» አለና ዓይኑን ወደ ወለሉ ጣለ። «ስንት እንደሆነ ብነግርሽ ታባሪኛለሽ።»

ነገራት። አላባረረችውም።

«ይበቃል» አለችው። «ውድ ካሜራ ለሚሮጥ ነገር ነው፤ ኳስ ለሚያነሳ፣ ሠርግ ለሚያነሳ። አንተ የምትፈልገው ጊዜውን በእጅህ የምትሞላው፣ ያልደከመ አሮጌ ካሜራ ነው። የቀረውን ራስህ ትሠራዋለህ።»

«ምኑን?»

«ስታንዱን። ካሜራው ክፍት ሆኖ ከተነቃነቀ ሁሉም ነገር ይበላሻል። ብረት ደግሞ አንተ ዘንድ ሞልቷል። ቀን ላይ ለማንሳት ብርሃን የሚቀንስ ጥቁር መስታወት ያስፈልግሃል፤ እሱን ከገዛኸው ከካሜራው ይወደድብሃል። ብየዳ ስትበይድ ዓይንህ ላይ የምታደርገው መስታወት ግን ያንኑ ሥራ ይሠራል። በላስቲክ እሰረው።»

ኢልያስ ቀና ብሎ አያት። ዕድሜ ልኩን ይዞት የዞረው መስታወት ለዚህ ይሆናል ብሎ አስቦ አያውቅም።

ሐጀራ አንድ ዓይነት የሆኑ አምስት ካሜራዎች ጠረጴዛው ላይ ደረደረች። የሁሉንም ሌንስ በክዳኑ ዘጋች።

«ተዘግቶ ምን ሊያነሳ?»

«ጨለማ። ሠላሳ ሰከንድ ጨለማ ያነሳል። ደህና ከሆነ ጨለማው ጥርት ብሎ ይወጣል።»

የመጀመሪያው ሠላሳ ሰከንድ አለቀ። ምስሉን አጉልታ አሳየችው። በጥቁሩ ላይ ቀይና ሰማያዊ ነጥቦች ፈስሰዋል።

«ይኼ የደከመ ነው። ቶሎ ቶሎ ሲያነሱበት አያስታውቅም፤ ስታስቆየው ነው የሚያጋልጠው።»

ሁለተኛው ይብሳል። ሦስተኛው ከነጥቡ ሌላ ከጥግ ወይን ጠጅ ጭጋግም አለበት። አራተኛው ጋ ሲደርሱ ሁለቱም ትንፋሻቸውን ይዘው ነበር። ምስሉ ወጣ። ንጹሕ ጥቁር ነው። አምስተኛውን እንዲያው ለወጉ ያህል ሞከረችው፤ እሱም ነጥብ አለበት።

«ይቺ ናት» አለች ወደ አራተኛው ተመልሳ። «ታች የተጻፈውን ቁጥር በስልክህ አንሳው። መርካቶ ነው፤ ሁሉም ዕቃ መንታ አለው።»

ቁጥሩን አነሳ። ብሩ እስኪሞላለት ጥቂት ሳምንት ጠየቃት። ካሜራውን ከረጢት ውስጥ ከትታ በወረቀት ላይ «ኢልያስ» ብላ ጻፈችና ከመደርደሪያው ሥር አስቀመጠችው።

እስከዚያ ወደ ሱቁ መመላለስ አያስፈልገውም ነበር። እሱ ግን ተመላለሰ። የመጀመሪያውን ስታንድ ተሸክሞ ሲመጣ ደረጃው ላይ ያላበው ላብ በአገጩ ይወርድ ነበር።

«ይኼ የውሃ ታንከር ይሸከማል» አለችው ሐጀራ።

በሳምንቱ ቀለል ያለ ሠርቶ መጣ። በሦስተኛው ደግሞ እግሮቹ የሚታጠፉ፣ ሴት ልጅ በአንድ እጇ የምታነሳው ሆነ። «ያነሰው አንቺም እንድትይዢው ነው» አላት፤ ብሎትም አፈረ።

አርብ አርብ ከጁምዓ በኋላ አብነት ካለች አንዲት ፎቅ ቤት ሻይ ቤት ይገናኙ ጀመር። በረንዳዋ አደባባዩን ቁልቁል ታያለች። ሐጀራ የራሷን መለማመጃ ካሜራ ትይዛለች፣ እሱ ስታንዱንና የብየዳ መስታወቱን። በመስታወቱ ሲያነሱ ዓለም አረንጓዴ ይሆናል። ወደ ጥቁርና ነጭ ስትለውጥለት ደግሞ ታች የሚተራመሰው ሕዝብ፣ ተሸካሚው፣ ታክሲው፣ ረዳቱ ሁሉ እንደ ጭስ ቀልጦ አስፋልቱ ላይ ሲፈስ ያያል። ኢልያስ ባየው ቁጥር እንደ አዲስ ይደነቃል። እሷ ደግሞ እሱን ታያለች።

ካሜራው ክፍት በሆነ ጊዜ በረንዳው እንዳይነቃነቅ ሁለቱም ዝም ብለው ይቆማሉ። ከማያውቁት ሰው ጋር ሠላሳ ሰከንድ ዝም ማለት ይከብዳል። እነሱ ግን ከሦስተኛው አርብ በኋላ መዝጊያው ቀጭ ሲል ቅር ይላቸው ጀመር።

«አባቴ ወደ ወሎ ሊመለስ ነው» አላት አንድ ቀን፣ ካሜራው ክፍት ሳለ። «እጁ መንቀጥቀጥ ጀምሯል። ከረመዳን በፊት እሳቱን ያጠፋል። መጨረሻ የሚሠራበትን ቀን ላነሳው ነው። ከዚያ ሽማግሌ እልካለሁ።»

«ወደ ማን?»

«ወደ ወንድምሽ።»

ሐጀራ ፊቷን ወደ አደባባዩ አዞረች። የጆሮዋ ጫፍ ሲግል ይሰማታል።

«አትንቀሳቀስ፣ ክፍት ነው» አለችው።

መዝጊያው ቀጭ አለ። ምስሉን አላዩትም።

«ላክ» አለች።

ወሬው ግን ከሽማግሌው ቀድሞ ፉርቃን ጆሮ ደረሰ። አባታቸው ሲሞቱ ሐጀራ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበረች። ያሳደጋት፣ ያስተማራት፣ የእናታቸውን መድኃኒት የሚገዛው ፉርቃን ነው። ተቆጥቷት አያውቅም ነበር። ያን ቀን ሱቁን ከውስጥ ዘጋ።

«ምን አለሽ ተራ ቆርቆሮ የሚቀጠቅጥ ሰው ነው አሉ።»

«በያጅ ነው። ሥራው ነው።»

«ሥራውን እኔ ምንም አላልኩም። ዘመዶቻችን የሚሉትን ነው የምልሽ። ለእነሱ ብረት ቀጥቃጭ ብረት ቀጥቃጭ ነው። ልጅ አይሰጡትም፣ ልጅ አይወስዱለትም። እኔን ነው የሚጠይቁት።»

ሐጀራ የምትመልሰው ብዙ ነበራት። ካሜራ ማጽጃ ጨርቁን አጥፋ ዘረጋችው፣ ዘርግታ አጠፈችው።

በሳምንቱ እናታቸው የዓይን ሞራ ተገፈፈላቸው። ሐጀራ አጠገባቸው ሆና ሦስት ቀን ከሱቅ ቀረች። ኢልያስ ብሩ ሞልቶለት የመጣው በሁለተኛው ቀን ነው። ጠዋት አንድ የስቱዲዮ ባለቤት ያንኑ ዓይነት ካሜራ ፈልጎ መጥቶ ነበርና ፉርቃን ከረጢቱን ፈትቶ፣ ስሙ የተጻፈበትን ወረቀት ጥሎ፣ ሐጀራ የመረጠችውን ሸጦለታል። ለኢልያስ ከቀሩት አራቱ አንዱን አንስቶ ሰጠው። ኢልያስ በዚያች ሱቅ ውስጥ የሚጠረጥረው ሰው አልነበረም። ተቀብሎ፣ አመስግኖ ሄደ።

«ያ ሰውዬሽ ዕቃውን ወሰደ» አላት ፉርቃን ስትመለስ።

ደስ አላት። ሌላ አልጠየቀችም።

ጋሽ ሐምዱ ለመጨረሻ ጊዜ ብረት የመቱት ሰኞ ከሰዓት ነበር። ኢልያስ የሚሠሩበትን ሼድ መስኮቶች በጆንያ ጋረደ፣ ስታንዱን ተከለ። አባቱ መዶሻውን ሲያነሱ ክንዳቸው ይንቀጠቀጣል፤ ሲያወርዱት ግን እጃቸው የለመደውን አይስትም። ሃያ ጊዜ ያህል አነሳቸው። በመጨረሻ «አባዬ፣ አሁን ዝም ብለህ ተቀመጥ፣ አትንቀሳቀስ» አላቸውና አንድ የሥራ ባልደረባቸው የጋለውን ብረት ሲመታ፣ እሳቱ በዙሪያቸው እየዞረ፣ እሳቸው እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ሲያዩት አነሳቸው። በካሜራው ትንሽ መስኮት ሲታይ ያማረ ነበር። ጋሽ ሐምዱም አይተው «ይኼ ሁሉ እሳት ከእኔ ነው የወጣው?» አሉ።

በማግሥቱ ጋሽ ሐምዱ ኮምቦልቻ በሚሄደው አውቶቡስ ተሳፈሩ። ምድጃቸው ፈርሶ ቦታውን ሌላ ሰው ያዘው።

ፎቶ ማሳተሚያ ቤት ምስሉ በትልቁ ስክሪን ሲከፈት ኢልያስ መጀመሪያ ስክሪኑ የተበላሸ መሰለው። በአባቱ ግንባር፣ በጺማቸው፣ በዓይናቸው ላይ ቀይና ሰማያዊ ነጥብ ፈስሷል። ከጥግ የተነሳ ወይን ጠጅ ጭጋግ ግማሽ ትከሻቸውን ውጦታል። ሠራተኛው ሊያጸዳው ሞክሮ ተወው። «ነጥቡን ሳጠፋው ፊታቸውም አብሮ ይጠፋል» አለው።

ኢልያስ ከዚያ ወጥቶ የካሜራውን ታች ገልብጦ አየ። ስልኩን አውጥቶ ቁጥሩን አስተያየ። አንድ አይደለም።

ቀጥታ ወደ ሱቁ ሄደ። ሐጀራና ፉርቃን ሁለቱም ነበሩ። ኢልያስ ድምፁን ከፍ አላደረገም።

«ፉርቃን፣ ይኼ ካሜራ የእኔ አይደለም» አለ።

«ምን ማለት ነው የእኔ አይደለም? በእጄ ነው የሰጠሁህ።»

«የተመረጠልኝ ይኼ አይደለም ነው የምልህ።»

የፉርቃን ድምፅ ኮሪደሩን ሞላው። ደንበኛ ዞር አለ፣ ጎረቤት ወጣ። ከጎን ሱቅ ሐጂ አብዱልከሪም መቁጠሪያቸውን እንደያዙ መጡ። በዚያ ፎቅ ላይ ነጋዴ ከነጋዴ ሲጣላ የሚዳኙት እሳቸው ናቸው። የሁለቱንም ወገን ሰሙ።

«ካሜራውን የመረጠ ሰው አለ?» አሉ።

«አለች» አለ ኢልያስ።

ሁሉም ወደ ሐጀራ ዞሩ። ሐጂ አብዱልከሪም ካሜራውን ተቀብለው አቀበሏት። አምስቱንም በእጇ የጠረገች ናትና ለማወቅ ሁለተኛ ማየት አላስፈለጋትም። ሦስተኛው ነው፤ ጭጋግ ያለበት። ቀና ስትል የፉርቃንን ፊት አየች። እንዲህ ሆኖ አይታው አታውቅም። አልተቆጣም። ፈርቷል። ዕቃ ይለውጣል ከተባለ በዚያ ፎቅ ላይ ዱቤ የሚሰጠው፣ ሰላም የሚለው አይኖርም። በዚያ ሱቅ ገቢ የሚኖረው ደግሞ እሱ ብቻ አይደለም።

«ልጄ፣» አሉ ሐጂ አብዱልከሪም፣ «የመረጥሽለት ይቺ ናት?»

በኋላ ለብቻችን አስተካክለዋለሁ ብላ አሰበች። ማታ ፉርቃንን አናግሬ፣ ነገ ትክክለኛውን ፈልጌ። አንድ ቀን ብቻ ብታልፍልኝ።

«አዎ» አለች።

ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ነው የኢልያስን እጅ ያየችው። እጁ ኪሱ ውስጥ ነበር። የያዘውም ስልኩን ነበር። ያን ጊዜ ትዝ አላት። ቁጥሩ እዚያ ውስጥ አለ። እሷ ራሷ ናት አንሳው ያለችው።

ኢልያስ አያት። ከዚያ እጁን ባዶውን ከኪሱ አወጣ።

«እሷ አዎ ካለች እኔ ነኝ የተሳሳትኩት» አለ። ወደ ፉርቃን ዞሮም «አውፍ በለኝ፣ በሰው ፊት ስምህን አነሳሁ» አለው። ሐጂ አብዱልከሪምን ዝቅ ብሎ ሰላም አለ። ካሜራውን ይዞ ደረጃውን ወረደ።

ፉርቃን ያን ቀን ምሳ ጋበዛት። አልበላችም።

በማግሥቱ ጠዋት ምን አለሽ ተራ ሄደች። ከዚያ በፊት ረግጣው አታውቅም ነበር። መዶሻው በየአቅጣጫው ይጮኻል፣ የዘይት ቆርቆሮው እንደ ተራራ ተከምሯል። ኢልያስ በር እየበየደ ነበር። ሲያያት መከለያውን ከፊቱ አነሳና የምትቀመጥበትን በርሜል በጨርቅ ጠረገላት።

«ቁጥሩ ስልክህ ውስጥ ነበር» አለችው።

«ነበር።»

«ለምን አላሳየህም?»

«ማንን ላሳይ? አንቺን በሰው ፊት ውሸታም ላድርግ?»

እንባዋ መጣ። እሱ የሚሠሩት ሰዎች እንዳያዩባት በቁመቱ ከለላት።

«ለሐጂ እነግራለሁ። ዛሬውኑ። ካሜራውም ይመለስልሃል።»

«የአባቴ ቀን አይመለስም» አለ። ቁጣ የለበትም፤ የደከመው ሰው ድምፅ ነው። «እሱ አይደለም ግን እንቅልፍ የነሳኝ። ሽማግሌ ልልክ ነበር፣ ሐጀራ። ለሦስት ሰው ነግሬ ነበር።»

«ላከው። አሁንም ላከው። ሁሉንም ፊት ለፊት እናገራለሁ።»

ኢልያስ ጓንቱን አወለቀ።

«አምንሻለሁ፤ ዛሬ ትናገሪያለሽ። ወላሂ አምንሻለሁ። ነገ ግን ዘመዶችሽ ተሰብስበው ‹ይኼ ቀጥቃጭ ምንሽ ነው?› ቢሉሽ፣ ወንድምሽ ደግሞ እዚያ ቢቆም፣ ምን እንደምትይ አላውቅም። ትናንት አውቅ ይመስለኝ ነበር። ትዳር ውስጥ ቁጭ ብዬ አፍሽን ስጠብቅ ልኑር?»

እንባዋን በሻርፗ ጫፍ ጠረገች።

«አብሽሪ» አላት በወሎ አነጋገሩ፣ እሱ አጽናኝ፣ እሷ ተጽናኝ ሆነው። «ቂም አልያዝኩም። በአላህ።»

ታክሲ ድረስ ሸኛት። በመንገዱ ሁሉ የብረት ተሸካሚዎቹን ‹መንገድ፣ መንገድ› እያለ ያስለቅቅላት ነበር።

ሐጀራ ያን ከሰዓት ሐጂ አብዱልከሪም ሱቅ ገብታ፣ በር ሳትዘጋ፣ የሆነውን ሁሉ ነገረቻቸው። ሽማግሌው መቁጠሪያቸውን አቁመው ሰሟት። «ትናንት ብትዪው ኖሮ፣ ልጄ» አሉ። ፉርቃን የስቱዲዮውን ባለቤት ለምኖ፣ የተሻለ ሰጥቶ፣ የመጀመሪያውን ካሜራ አስመለሰ። ኢልያስ የተረከበው ከሐጂ እጅ ነው። የሱቁን ደረጃ አልወጣም። ከወር በኋላ ኮምቦልቻ ሄዶ የራሱን ጋራዥ እንደከፈተ ሰማች።

ፉርቃን ዓመት ሙሉ አላናገራትም። እናታቸው ማየት በጀመሩት ዓይናቸው አንዱን ልጃቸውን አይተው ወደ ሌላው እየዞሩ ያለቅሳሉ። ሐጀራ ሱቁን ለቀቀች። አብነት፣ መንገድ ዳር፣ አንድ ጠረጴዛና አንድ መብራት ብቻ የሚያስገባ ቦታ ተከራይታ ካሜራ መጠገን ጀመረች። ሥራ አላጣችም። ለትዳር ጠያቂም መጣላት፣ አንድ ሁለቴ። «አሁን አይደለም» ትላለች።

ሦስት ዓመት አለፈ። አንድ ቅዳሜ ቀትር ላይ ሌንስ እየፈታች ሳለ ጥላ ጠረጴዛዋ ላይ ወደቀ።

ኢልያስ ነው። ወፈር ብሏል። ከጎኑ ክብ ፊት ያላት፣ ብርቱካናማ ሻርፕ የለበሰች ሴት አለች፤ ሕፃን ታቅፋለች።

«አሰላሙ ዓለይኩም» አለ። ካሜራውን ጠረጴዛው ላይ አኖረ። «ከኮምቦልቻ ነው የመጣነው። ውስጡ አቧራ ገብቶበት ነው። እዚያ የሚያጸዳ ጠፋ፤ እዚህ ደግሞ ሰው ሁሉ እርስዎ ጋ ላከን።»

«ወዓለይኩም ሰላም። አባትህ ደህና ናቸው?»

«ደህና ነው፣ አልሐምዱሊላህ። የልጅ ልጁን ያጫውታል። እጁ ብቻ።»

ካሜራውን ፈታች። ክንዷን ጠረጴዛው ላይ አስደገፈች። ሚስትየው አጎንብሳ በጉጉት ታያታለች።

«ከዚህ ካሜራ አይለይም» አለች እየሳቀች። «ጋራዡም ውስጥ፣ ቤትም። ማን እንደመረጠለት ስጠይቀው ዝም ነው።»

ሐጀራ ብሩሿን እንደያዘች ቆመች።

«እሳቸው ናቸው የመረጡልኝ» አለ ኢልያስ። «ከአምስቱ ንጹሑን ፈልገው።»

ሚስትየው ደስ አላት። «ውይ፣ አላህ ይስጥልን» አለቻት።

ጽዳቱ ብዙም አልቆየም። ለሦስት ዓመት ያዘጋጀችው ንግግር ነበራት፤ መጀመሪያውን ብቻ ነው አሁን የምታስታውሰው። ሕፃኑ ወደ መብራቷ እጁን ዘረጋ። እናቱ መለሰችው። ኢልያስ ሒሳቡን ጠየቀ፣ ከፈለ፣ ካሜራውን በጨርቅ ጠቀለለ።

«በደህና ተጠቀሙበት» አለች ሐጀራ።

አስፋልቱን ተሻገሩ። ኢልያስ ሕፃኑን ከሚስቱ ተቀብሎ፣ በአንድ እጁ የታክሲውን በር ይዞ፣ እሷ እስክትገባ ጠበቀ። ታክሲው ሞላ፤ ረዳቱ በሩን ገጭ አድርጎ ዘጋው።

ሐጀራ ተቀምጣ የፈታችውን ሌንስ መልሳ አነሳች። «እርስዎ» እንዳላት ያስተዋለችው ያኔ ነው።